ከሎገን፣ ዩታ ለእትዬ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኔ፣ ባለቤቴና ትንሿ ልጄ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ተራሮቹ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰዋል።

በቴሌግራም የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። በስልክ እንዳልመልስልሽ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ሐሳቤም ይቆራረጥብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ረዘም ይላል። ማታ ስፌትሽን ስትጨርሺ አንብቢው። ስታበቂ ለትልቁ ልጅሽ ስጪው፣ ነገሩ የሱ ነውና።

ትልቁ ከ11ኛ ክፍል አቋርጦ ባጃጅ ልንዳ ብሏል፣ ለቅድሚያ ክፍያው አግዘኝ ብለሻል። «ተምሮስ ምን ሊሆን ነው?» ያልሽው ቃል ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። እንዲህ ያስባለሽን አውቃለሁ። ጋሼ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ወዲህ ቤቱን በአንድ የስፌት መኪና ነው የያዝሽው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ወሬው ደርሶኛል። በ2014 እና በ2015 ከመቶ ተፈታኝ አራት እንኳ አላለፈም። ይህን ያየች እናት ብትጠራጠር አልፈርድባትም።

መልሴን ከመንገሬ በፊት ግን ስለ አንዲት ሴት ላውራሽ። ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። እንዳንቺ ልብስ ሰፊ ነበረች። እንዳንቺ ባሏ ሞቶባት ሁለት ወንዶች ያሳደገች። የኖረችውም እኔ ዛሬ ባለሁባት በዚችው በሎገን ነው።

ሌሊት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጽዳት እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ከማጸዳቸው ሕንፃዎች አንዱ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ነው፣ ዊትሶ ሆል ይባላል። ስሙ የእንግሊዝ ስም አይመስልም። አንድ ቀን ጎረቤታችንን አሮጊቷን የማን ስም እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የሳቸውም አያቶች ከኖርዌይ የመጡ ናቸው። ፊታቸው በራ። ገብተው ሕንፃው በስሙ የተጠራው ጆን ዊትሶ ስለ እናቱ የጻፈውን መጽሐፍ ይዘውልኝ መጡ። በትርፍ ሰዓቴ እያነበብኩ፣ ያልገባኝን እሳቸውን እየጠየቅሁ ጨረስኩት። ዓመቶቹን የምጽፍልሽ በፈረንጅ ነው።

ስሟ አና ነው። በ1849 ፍሮያ በምትባል የኖርዌይ ደሴት ተወለደች። ደሴቷ ነፋስ የበዛባት፣ ሕዝቧም ዓሣ በማጥመድ የሚኖር ነው። ባሏ ዊትሶ አስተማሪ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው ጆን በ1872 ሲወለድ አንድ እጁ ከጭንቅላቱ ጎን ጋር ተጣብቆ ነበር። ሐኪም ቀዶ አላቀቀው። በኋላ ናምሶስ ወደምትባል ከተማ ተዛወሩ። እዚያ በ1878 ባልየው በድንገት ሞተ። ያን ጊዜ ጆን ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሹ ኦስቦርን ገና የሁለት ወር ጨቅላ። አና ልጆቿን ይዛ ትሮንድሄም ገባች። መርፌና ክር ይዛም ኑሮን ጀመረች።

አሁን የምነግርሽ ስለ ጫማው ነው፣ እኔን በጣም የገረመኝ እሱ ነው። የልጇ ጫማ አለቀና ሰፈር ውስጥ ላለ ኦላውስ ዮንሰን ለሚባል ጫማ ሰሪ ሰጠችው። ጫማው ተጠግኖ ሲመጣ በየእግሩ ውስጥ ወረቀት ተጠቅጥቆበታል። አውጥታ ብታየው የሃይማኖት ጽሑፍ ነው። ነገሩ ከነከናት። ሌላ ጫማ ይዛ ስትሄድ ሰውየው ከጫማ ሶል የሚበልጥ ነገር ልሰጥሽ እችላለሁ አላት። ሞርሞን ነበር ለካ፣ እዚህ ዩታ የበዙት የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ተከታይ! በዚያ ዘመን ኖርዌይ የሉተራን አገር ነች፣ ሞርሞን መሆን ደግሞ ከሰው መለየት ነው። አና ደግሞ በቀላሉ የምትሸነፍ ሴት አልነበረችም። መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ሁለት ዓመት ያህል ተከራከረቻቸው። በመጨረሻ አመነችና ሚያዝያ 1 ቀን 1881 በባሕሩ ዳር በረዶው ተሰብሮላት ተጠመቀች። ዘመዶቿ ፊታቸውን አዞሩባት።

ይህን ስታነቢ ምን እንደምታስቢ አውቃለሁ። «ወንድሜ ደግሞ ሊቀይር ነው» ብለሽ ለእማዬ እንዳትነግሪያት! እኔ ማዕተቤ አንገቴ ላይ ነው። ሶልት ሌክ ከተማ ድረስ ወርደን እናስቀድሳለን፣ ልጄም እዚያው ነው የተጠመቀችው። ግን ከሰዎቹ ጋር እኖራለሁ። መልካም ሥራቸውን አይቼ ዝም ማለት ደግሞ አልችልም። ባለቤቴ ስትወልድ የሰፈሩ ሴቶች ተራ ገብተው ስንት ቀን ምግብ አመላለሱልን፣ እንደ እድር። በየወሩ የመጀመሪያዋን እሁድ ይጾማሉ፣ በኛ እሁድ ያለ ምግብ አይዋልም እንጂ። ሁለት ጊዜ የሚበሉበትን ይተዉና ገንዘቡን ለድሃ ይሰጣሉ። አሥራት ያወጣሉ። ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራና መጠጥ አይነኩም። ጎረቤታችን ቡና ሲፈላ ይመጣሉ፣ ወተታቸውን ይዘው ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጣሉ። ጭሱን ይወዱታል። ፈንዲሻው ከፊታቸው አይጠፋም።

ከሁሉ ግን ልቤን የነካው ስለ ትምህርት ያላቸው እምነት ነው። ሰው በዚህ ዓለም ያገኘው ዕውቀት በትንሣኤ አብሮት ይነሣል ይላሉ። ስለዚህ ትምህርት ለእንጀራ ብቻ አይደለም፣ የነፍስ ጉዳይ ነው። ሎገን ከተመሠረተች ብዙም ሳትቆይ በ1877 ኮሌጅ ተከፍቶባታል።

ወደ አና ልመለስ። ያመኑት ሁሉ ወደ ዩታ እንዲሰበሰቡ ያስተምሯቸው ነበር። ከ1850 ጀምሮ ሰባኪዎች ስካንዲኔቪያ ገብተው በሺዎች የሚቆጠሩ ዴንማርኮች፣ ስዊድኖችና ኖርዌጂያኖች ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። አናም በ1883 ሁለቱን ልጆች ይዛ ተነሣች። ሎገን የደረሰችው ብርዱ ሲገባ ነው። ቋንቋ የላትም። ባል የላትም። ቤተ መቅደሱ ገና አልተመረቀም ነበር፣ የተመረቀው በማግስቱ ዓመት በ1884 ነው። ዛሬም እዚያው ኮረብታው ላይ ቆሟል፣ እኔ ከሥራ ስወጣ መብራቱ ይታየኛል። እሷም መርፌዋን አወጣች፣ ለሎገን ሴቶች ቀሚስ መስፋት ጀመረች።

አስቢው እስቲ። ልጇ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እንጨት መሸከም ይችላል። ከብት መጠበቅ፣ ሱቅ መላላክ ይችላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እርሻ ላይ ቀን ሠራተኛ ሆኖ ገንዘብ ያመጣላታል። ጎረቤት ቢመክራት እንዲህ ብሎ ነው የሚመክራት። እሷ ግን አባታቸው አስተማሪ ነበር፣ ልጆቹም እንደ አባታቸው ይሆናሉ ብላ ቆርጣለች። ልጁ በሥራና በትምህርት መካከል እየተሯሯጠ ኮሌጅ ገባ። በ1891 ከዚያው ኮሌጅ ተመረቀ። በዚያው ዓመት አንድ አስተማሪያቸው ጥቂት ጎበዝ ልጆች ሰብስቦ ወደ ሃርቫርድ ወሰዳቸው፣ ጆንም አንዱ ነበር። የሄደው በብድር ገንዘብ ነው። በ1894 በኬሚስትሪ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

እዚህ ላይ ቆም በይልኝ እህቴ። አና ብቻዋን አልነበረችም። ያበደራት አለ፣ የመከራት አለ፣ ልጁን ይዞት የሄደ አስተማሪ አለ፣ ከተማው ውስጥ የከፈቱት ኮሌጅ አለ። የአንድ ሴት ወገብ ብቻውን ይህን አይሸከምም። አንቺም ብቻሽን ተሸከሚ ብዬ አይደለም ይህን የምጽፍልሽ።

ጆን ተመልሶ እዚሁ ሎገን የእርሻ ኮሌጁ ውስጥ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆነ። ዛሬ እኔ የማጸዳው ዩኒቨርሲቲ ያ ኮሌጅ ነው። በ1898 ሊያ የምትባል ልጅ አገባ። አያቷ ብሪገም ያንግ ነው፣ ሞርሞኖችን በ1847 መርቶ ዩታ ያስገባቸው። እሷም የተማረች ነበረች። ኒው ዮርክ ድረስ ሄዳ ተምራ የቤት አያያዝ ሳይንስ ታስተምር ነበር። ከሠርጋቸው ቀጥለው ጀርመን ሄዱና እሱ በ1899 ጎቲንገን ላይ ዶክትሬቱን ያዘ። ያ እጁ ከጭንቅላቱ ተጣብቆ የተወለደው ልጅ!

አባባ ቢኖር ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ባወራሁት ነበር። የዩታ መሬት ደረቅ ነው፣ ዝናቡ ትንሽ ነው። መስኖ ያልደረሰው መሬት አብዛኛው ጦሙን ያድር ነበር። ጆን ዊትሶና ባልደረቦቹ ይህንን መሬት ያለ መስኖ ማረስ ይቻላል ብለው ተነሡ። በዓመት 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ለሚዘንብበት መሬት ነው ያሰቡት። በየቦታው የሙከራ ማሳ አወጡ። ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። መሬቱን በጥልቀት ታርሺዋለሽ፣ በረዶውና ዝናቡ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ። ከዚያ የላይኛውን አፈር ደጋግመሽ ታለሰልሺዋለሽ፣ የጠጣው እርጥበት ተመልሶ እንዳይተን። አረሙን ትጨርሺዋለሽ፣ ውኃ ጠጪ ነውና። ዝናቡ እጅግ ሲያንስ ደግሞ አንድ ዓመት ታሳርፊዋለሽ፣ የሁለት ዓመት ውኃ ለአንድ ዓመት ሰብል ይሆናል። በ1911 በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳተመ።

ይህን ሳነብ አባባ ቆቦ ሜዳ ላይ ጎርፉን በቦይ ጠልፎ ማሽላው ላይ ሲለቅ ታየኝ። ሌሊት ጎርፍ መጣ ሲባል ዶማውን ይዞ የሚሮጠው። አባባም እርጥበት መያዝን ያውቅ ነበር። ያወቀውን የሚጽፍለት ልጅ ግን አላገኘም። ያንቺ ትልቁ ባዮሎጂ ይወዳል አላልሽኝም? ምናልባት እሱ ይሆን ይሆናል።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1905 ኮሌጁ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሣና ዊትሶን ከሥራ አሰናበቱት። ዶክትሬት ይዞ፣ ቤተሰብ ይዞ፣ በቃህ ተባለ። ፕሮቮ ወደምትባል ከተማ ሄዶ በቤተ ክርስቲያኑ ዩኒቨርሲቲ እርሻ ማስተማር ጀመረ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያሰናበተው ኮሌጅ መልሶ ጠራው፣ ፕሬዝዳንት አድርጎ! ከዚያም በ1916 ሶልት ሌክ ያለው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ሆነ። እዚያም የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ሕንፃ የተሰየመው በስሙ ነው።

ትንሹን ኦስቦርንን አልረሳሁትም። እሱም ሃርቫርድ ሄዶ በእንግሊዝኛ ማስተርሱን ያዘ። ከዚያ በፊት በወጣትነቱ ሰባኪ ሆኖ ታሂቲ ድረስ ተልኮ ነበር። ኋላ ሶልት ሌክ የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነ፣ በዩኒቨርሲቲውም የእንግሊዝኛ ክፍሉን መራ። ሁለቱም አስተማሪ ሆኑላት። አባታቸውን ሆኑላት።

አናስ? ልጆቿ ራሳቸውን ሲችሉ አረፍ አላለችም። በ1903 በሃምሳ አራት ዓመቷ ከእህቷ ከፔትሮሊን ጋር ሆና ሰባኪ ሆነው ወደ ኖርዌይ ተመለሱ። ደሞዝ የሚባል ነገር የለም፣ ሰባኪ በራሱ ወጪ ነው የሚሄደው። እስከ 1905 ቆዩ። እነዚያ ፊታቸውን ያዞሩባት ዘመዶች አገር፣ የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር ድረስ ሄዱ። እንዴት ያለ ልብ ነው? ሁለት እህትማማቾች፣ ያንን ሁሉ ባሕር አቋርጠው። እኔና አንቺን አሰብኩ፣ አልደብቅሽም። መቼ ይሆን ያደግንበትን ደጅ አብረን የምንረግጠው?

በ1919 አረፈች። ኦስቦርን እናቱን አንድ ዓመት እንኳ ሳይቆይ ተከተላት። ጆን እናቱንም ወንድሙንም ባንድ ሰሞን ቀበረ። እሱና ሊያ ከወለዷቸው ሰባት ልጆች ለአቅመ አዳም የደረሱት ሦስት ብቻ ናቸው። ከሦስቱም አንዱን ወንዱን በ1927 በሳንባ ምች አጡት። በ1921 ከአሥራ ሁለቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሐዋርያት አንዱ ሆኖ ተሾመ፣ በ1952 እስኪሞት በዚያው ቆየ። እናቱ ይህንን ማዕረግ አላየችም። የሁለት ኮሌጆች ፕሬዝዳንት ሆኖ ግን አይታዋለች። ጫማውን አስጠግና ያሳደገችው ልጅ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይሄ ነው። ለባጃጅ አልሰጥም፣ ለትምህርቱ እሰጣለሁ። አትቀየሚኝ። ባጃጅ መንዳት ክቡር ሥራ ነው፣ የስንቱን ቤት ያቆመ ነው። ነገር ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ገንዘብ መያዝ ከለመደ ወደ ደብተር መመለስ ይከብደዋል። ደግሞ ነዳጁ፣ መለዋወጫው፣ ትራፊኩ፣ በየሰፈሩ የሚከፈለው ሁሉ ያንቺው ዕዳ ሆኖ ይመጣል። ዓመት ሳይሞላ የስፌት ገንዘብሽ ወደ ባጃጁ መፍሰስ ይጀምራል።

ፈተናው ከባድ ነው ብለሻል። ከባድ ነው። ስለዚህ እንዘጋጅለት። ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ጥሩ አስጠኚ ፈልጊ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢሆን ይሻላል፣ ወጪው የኔ ነው። ያረጀውን ስልኩን ቀይሬ የሚያጠናበት ታብሌት በሰው እልክለታለሁ። ፈተናውን ቢወድቅ ሪሜዲያል አለ፣ እሱም ባይሆን ቴክኒክና ሙያ ይገባል። ያኔ መካኒክነት ተምሮ ባጃጁን ራሱ ቢጠግነው እኔም ደስ ይለኛል። ብቻ አሁን አያቋርጥ።

አንቺ የጎደለብሽን የቤት ወጪ ደግሞ አልረሳሁም። ልጁ ሥራ ሊገባ ያሰበው ቤቱ ስለጎደለ መሆኑ ገብቶኛል፣ ጥሩ ልጅ ስለሆነ ነው። እዚህ ካሉት ልጆች ጋር ዕቁብ ጀምረናል፣ የኔ ዕጣ በቅርቡ ይወጣል። ከሱ ላይ ያቺን በየሰዓቱ የምትቆምብሽን የስፌት መኪናሽን በኤሌክትሪክ ትቀይሪያለሽ። አንደኛ ደረጃውን ፈልጊ፣ ርካሹን አትግዢ። ዋጋውን ጠይቀሽ ንገሪኝ። ፒያሳ ያለው ነጋዴ ብዙ ቢልሽ ወደ ሸዋበር በኩል ደግሞ ጠይቂ።

ለትልቁም ሁለት ነገር ልበለው። አንደኛ፣ እናትህ ላይ ሸክም ነኝ ብለህ አታስብ፣ ደብተርህን ይዘህ ስትቀመጥ ነው የምታግዛት። ሁለተኛ፣ እሁድ ማታ በናንተ ሰዓት እደውልልሃለሁ፣ በሳምንቱ የተማርከውን ትነግረኛለህ። እኔም የማላውቀውን ሕንፃው ውስጥ ያሉትን ተማሪዎች እየጠየቅሁ እነግርሃለሁ። አንድ የኛ አገር ልጅ እዚሁ ዶክትሬቱን እየሠራ ነው፣ ላገናኝህ ቃል ገብቷል። ጥያቄህን አዘጋጅ።

የገና ገንዘብ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል። ለእማዬ የጉልበት ቅባቱን ከሚመጣ ሰው ጋር ልኬያለሁ፣ ማታ ማታ ሞቅ ባለ ውኃ አሽተሽ ቀቢያት። ለትንሹ ካልሲና ሹራብ አለው። የጋሼ ተዝካር ሲደርስ አስቀድመሽ ንገሪኝ፣ የኔ ድርሻ እንዳይቀር። ለንስሐ አባታችን ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ለጎረቤቶችሽም ሁሉ።

የአስጠኚውን ስምና ዋጋ ሳትረሺ ላኪልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ሎገን፣ ዩታ